መኪናውን ከመቁረጣችሁ በፊት

ጥያቄ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። ሰባት ዓመት በሆቴል ማእድ ቤት ሠርቻለሁ። ወንድሜ አንድ አሮጌ አይሱዙ አለው፤ የጭነት ሥራው ስለቀዘቀዘበት የኋላውን ክፍል ወደ ማእድ ቤት ቀይረን ምግብ እያዞርን ለመሸጥ ተስማምተናል። አሜሪካ ያለችው የአክስታችን ልጅም የእነዚህን ምግብ የሚሸጥባቸውን መኪኖች ቪዲዮ እየላከች ልባችንን አነሣሥታዋለች። ቦዲ የሚሠራልን ሰው ቀብድ እየጠየቀን ነው። ወንድሜ ‹መጀመሪያ ሥራው ይጀመር፣ ፈቃዱ ይደርሳል› ይላል። አንድ የምናውቀው ሰው ደግሞ ምግብ ቤቱን ከዘጋ ወዲህ ፈቃዱ እጁ ላይ ስላለ ‹በየወሩ እየከፈላችሁኝ በእኔ ፈቃድ ሥሩ› ብሎናል። እኔ ግን ፈራሁ። የትኛው ፈቃድ ነው የሚያስፈልገን? ከየትኛው ቢሮ እንጀምር? አደራዎን ይምከሩኝ።»

እህትዎ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ

እህትዓለም፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መፍራትሽ ልክ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የምለምንሽ ነገር አለ፤ ለቦዲ ሠሪው ቀብድ እንዳትሰጡ። ዛሬ ማታ ቡና አፍልተሽ ወንድምሽን አስቀምጪና ይህንን ብቻ አስማሚው። ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል፤ በግራይንደር የተቆረጠ ላሜራ ግን ወደነበረበት አይመለስም።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገርሽ። የእኛ ሀገር የንግድ ፈቃድ አሰጣጥ ነጋዴን የሚያውቀው በአድራሻው ነው። አዋጅ ቁጥር 980/2008፣ ማለትም የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጁ፣ ማንም ሰው በንግድ መዝገብ ሳይመዘገብና የጸና ንግድ ፈቃድ ሳይኖረው ንግድ እንዳይሠራ ይከለክላል። ፈቃዱ ላይ ደግሞ የነጋዴው ስም፣ የሥራው ዘርፍና የሚሠራበት ቦታ ይጻፋል። እናንተ ልትከፍቱ ያሰባችሁት ንግድ ጎማ አለው። ዛሬ መናኸሪያ በር፣ ነገ ዩኒቨርሲቲው በር፣ ቅዳሜ ገበያ ዳር መቆም ይፈልጋል። የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ቅጹን አውጥቶ «አድራሻሽ የት ነው?» ሲልሽ የሰሌዳ ቁጥር ብትነግሪው ምን ላይ ይጽፈዋል? የችግራችሁ ሥር እዚህ ላይ ነው። ይህ ከተፈታ የቀረው ትዕግሥት ይጠይቅ እንጂ የሚከብድ አይደለም።

እኔ ይህንን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ቡሬ ላይ ትንሽ ምግብ ቤት ለመክፈት ቤት ስከራይ፣ ያከራየኝ ሰው «ሁሉም የተሟላ ነው፣ ጤና ጣቢያም አይቶታል» ብሎኝ አመንኩት። ወለሉን አስለሰንኩ፣ ግድግዳውን ቀለም አስቀባሁ፣ ወንበር ገዛሁ። ከዚያ በኋላ ነው ማመልከቻ ያስገባሁት። የአካባቢ ጤና ባለሙያዋ መጣች፣ ማእድ ቤቱ መካከል ቆማ ወለሉን አየችና «የዕቃ ማጠቢያው ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለችኝ። የሚሄድበት አልነበረውም። አዲሱን ሲሚንቶ በመዶሻ አስፈልጬ ቱቦ አስቀበርኩ። ባለሙያዋ አልበደለችኝም፤ ትክክል ነበረች። የበደለኝ ቅደም ተከተሉ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለውን ያን ጊዜ በወለል ላይ አየሁት። ያም ቢሆን የእኔ ወለል ነበር፤ የእናንተው ግን የወንድምሽ የእንጀራ ገመድ የሆነ መኪና ነው።

በሰው ፈቃድ ስለመሥራት ረጅም ክርክር አያስፈልግም፤ አታድርጉት። የንግድ ፈቃድን ለሌላ ሰው ማስተላለፍም ማከራየትም በዚያው አዋጅ የተከለከለ ነው። ሰውየው ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው እንደ ውለታ ያየዋል። ነገር ግን ሽያጩ በእርሱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይመዘገባል፣ ዕዳው በእርሱ ስም ይመጣል፣ እርሱ ደግሞ ወደ እናንተ ያዞረዋል። አንድ ሰው ምግባችሁን በልቶ ቢታመም ፈቃዱ ላይ ያለው ስም አንድ፣ እጁን ታጥቦ ያበሰለው ሰው ሌላ ይሆናል። ያለ ፈቃድ መሥራትም ቢሆን የገንዘብ ቅጣትና እስራት፣ የሥራ ዕቃን እስከ መወረስም ያደርሳል። ያንቺ የሥራ ዕቃ ደግሞ መኪናው ራሱ ነው።

የአክስታችሁ ልጅ የምትልከው ቪዲዮ ከመስኮት ሳንድዊች ሲወጣ እንጂ ከመስኮቱ ኋላ ያለውን ወረቀት አያሳይም። ኒውዮርክ ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 በመንገድ ላይ የሚሸጡ ምግብ ሻጮችን የፈቃድ ቁጥር ገደበች። አዲስ ገቢዎች ፈቃድ ማግኘት ሲያቅታቸው፣ ፈቃድ የያዙት ሰዎች በድብቅ በብዙ ሺህ ዶላር ያከራዩ ጀመር። ጋሪ እየገፋ ሙሉ ቀን ፀሐይና በረዶ ላይ የሚቆመው ሰው ካገኘው ላይ ጥቂት የማይባለው ለወረቀቱ ባለቤት ይሄድ ነበር። ከተማዋ በ2021 አዲስ ሕግ አውጥታ፣ ባለፈቃዱ ራሱ በሥራው ቦታ ላይ እንዲገኝ የሚያስገድድ የፈቃድ ዓይነት አመጣች። ያ የምታውቁት ሰው ያቀረበው ሐሳብም የዚያው ዓይነት ነው፤ ድካሙ የአንቺ፣ ወረቀቱ የእርሱ።

ከዚያው አገር ግን የሚጠቅመንም ነገር አለ። በካሊፎርኒያ ምግብ የሚሸጥ መኪና ብቻውን አይታወቅም። ፈቃድ ካለው አንድ ቋሚ ማእድ ቤት ጋር ይታሰራል። መኪናው በሥራ ቀን ሁሉ ወደዚያ ይመለሳል፤ ንጹሕ ውሃ የሚሞላው፣ ቆሻሻ ውሃውን የሚያፈሰው፣ የሚታጠበው፣ ጥሬ ዕቃው የሚቀመጠው እዚያ ነው። እኔም የምመክርሽ ይህንኑ በእኛ አቅም እንድታደርጉት ነው። አንዲት ጠባብ ቤት፣ ግቢ ያላትና መኪናው የሚያድርባት፣ ውሃና መብራት የገባላት፣ ተከራዩ። የኪራይ ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። አድራሻችሁ ያቺ ቤት ትሆናለች። ንግድ ፈቃዱም የጤናው የብቃት ማረጋገጫም፣ ማለትም የጤና ባለሙያው ቦታውን አይቶ የሚሰጠው ወረቀት፣ በእርሷ ላይ ይቆማል። መኪናው ደግሞ የእርሷ የመሸጫ መስኮት ይሆናል።

ወንድምሽ «ኪራይ ለምን እንጨምራለን?» ማለቱ አይቀርም። እንዲህ በዪው፦ ነዳጅ በጠፋ ቀን፣ መንገድ በተዘጋ ቀን፣ መኪናው ጋራዥ በገባ ሳምንት ሥራው አብሮ እንዳይቆም። ጎጃም ውስጥ እንደዚህ ያለ ቀን ስንት ጊዜ እንደሚመጣ እናንተም እኔም እናውቃለን። ፈቃዱ ቤቷ ላይ ካለ በሯን ከፍታችሁ ሽሮና ፍርፍር መሸጥ ትችላላችሁ። መኪናው ላይ ብቻ ከተንጠለጠላችሁ ግን መኪናው ሲቆም የቤት ወጪ አይቆምም።

አሁን ወደ መንገዱ እንግባ። ቤቷን እያፈላለጋችሁ ሳለ የምትሄዱበት የመጀመሪያ ቢሮ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። የሕዝብ መንገድ፣ የእግረኛ መሄጃ፣ የመናኸሪያ ዳር፣ ሁሉም ከተማ አስተዳደሩ የሚያስተዳድረው ቦታ ነው። ንግድ ፈቃድ መያዝ በራሱ መንገድ ዳር ለመቆም መብት አይሰጥም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ፈቃዱን በመስታወት ውስጥ አስገብቶ ሰቅሎ ደንብ አስከባሪ ሲያስነሣው «ግብር እየከፈልኩ!» ብሎ ይጮኻል። ግብሩ ሌላ፣ ቦታው ሌላ ነው። ስለዚህ የት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ በየትኞቹ ቀናት እንደምትቆሙ የሚገልጽ የጽሑፍ ፈቃድ ጠይቁ። የቃል ፈቃድ ይዛችሁ እንዳትመለሱ። ዛሬ «ችግር የለም፣ ቁሙ» ያላችሁ ኃላፊ ነገ ወደ ሌላ ወረዳ ሊዛወር ይችላል፤ ቃሉም አብሮት ይሄዳል።

ከመንገድ ዳር ይልቅ የግለሰብ ወይም የተቋም ግቢ ብታገኙ ይቀላል፤ ከባለቤቱ ጋር ውል ታስራላችሁ፣ ውሉን ለማዘጋጃ ቤቱ ታሳያላችሁ። የሆስፒታል፣ የዩኒቨርሲቲ ወይም የሌላ መሥሪያ ቤት አጥር ውስጥ ከሆነ ደግሞ የተቋሙ አስተዳደር ደብዳቤ ያስፈልጋል። ነዳጅ ማደያ አጠገብ ግን እንዳትሞክሩት። ሰው ስለሚበዛበት ዓይን ይስባል፤ ክፍት እሳት ይዞ ከቤንዚን ትነት አጠገብ መቆም ግን ፈቃድ ቢገኝለት እንኳ የሚደረግ ነገር አይደለም።

በገበያ ቀን ወደ ደምበጫ ወይም ወደ ሉማሜ ወርዶ መሸጥም ታስቦ ከሆነ፣ የማርቆስ የቦታ ፈቃድ እዚያ አይሠራም። እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ቦታ በራሱ ያስተዳድራል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ከተማ ይበቃችኋል ባይ ነኝ።

ማዘጋጃ ቤቱ በሐሳባችሁ ከተስማማ፣ ሁለተኛው የመኪናው ጉዳይ ነው። ወንድምሽ ሾፌር ስለሆነ ቦሎና ሊብሬ ምን እንደሆኑ ከእኔ ይልቅ ያውቃል። ይህኛውን ግን ላያስተውለው ይችላል፦ በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መኪና የሚመዘገበው ከነ አካሉ ዓይነትና ከነ አገልግሎቱ ነው። ሊብሬው ላይ የጭነት ተብሎ የተጻፈን መኪና ጎኑን ቆርጦ መስኮት ማውጣት፣ ጣሪያ ማልበስ፣ ምድጃና የውሃ ታንከር መጫን የአካል ለውጥ ነው። ሳያሳውቁ ከለወጡት በዓመታዊ ምርመራው ላይ ከሊብሬው ጋር አልመሳሰል ብሎ ቦሎ ይከለከላል። ስለዚህ ቦዲ ሠሪው የሚሠራውን በወረቀት ላይ ይሣልላችሁ፤ ርዝመቱ፣ ከፍታው፣ የመስኮቱ ስፋት፣ የሚጨመረው ክብደት ይጻፍበት። ያንን ንድፍ ይዛችሁ ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሂዱና ለውጡን አስፈቅዱ። ውሃ ከባድ ነው፤ አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ ብቻውን አሥር ኩንታል ይመዝናል። ያውም ግማሽ የሞላ ውሃ ኩርባ ላይ እየተንሸራተተ መኪናን ይጥላል። ስለዚህ ታንከሩ ትንሽ፣ ዝቅ ያለና በብረት የታሰረ ይሁን።

መኪናው የግል አገልግሎት ሰሌዳ ያለው ከሆነ ለንግድ አይውልም፤ አይሱዙ ስለሆነ የንግድ ሰሌዳ ሳይኖረው አይቀርም፣ ቢሆንም አረጋግጡ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ እርሱ ግን መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው አደጋ እንጂ ለእናንተ ምድጃ ወይም ለውስጥ ቃጠሎ አይደለም። ለእሳት የተለየ መድን ግቡ፤ ስትገቡም «ውስጡ የጋዝ ምድጃ አለ» ብላችሁ በግልጽ አስጽፉ። ጭነት ጫኝ ተብሎ ኢንሹራንስ የተገባለት መኪና ውስጡ ማእድ ቤት ሆኖ ቢገኝ ኩባንያው አልከፍልም ለማለት ምክንያት ያገኛል።

የንግድ ምዝገባው ራሱ ከሁሉ የቀለለው ነው። የፋይዳ መታወቂያሽን፣ ፎቶግራፍ፣ የተረጋገጠውን የኪራይ ውል ይዘሽ ገቢዎች ዘንድ የጣት አሻራ ሰጥተሽ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ታወጫለሽ። ከዚያ ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ በንግድ መዝገብ ትመዘገቢያለሽ፤ የንግድ ስምም ከፈለግሽ እዚያው ታስመዘግቢያለሽ። ምዝገባውን ኢትሬድ በሚባለው የኢንተርኔት መስመርም ማካሄድ ይቻላል፣ ኔትወርክ ካለ። የሥራ መደብ ስትመርጪ ግን አትቸኩዪ። ምግብ ቤት፣ ካፌ፣ መክሰስ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መለያ ኮድና ቅድመ ሁኔታ አላቸው። ባለሙያውን «እኔ የምሠራው ይህ ይህ ነው፤ በዚህ ቤት አበስላለሁ፣ በዚህ መኪና እሸጣለሁ» ብለሽ ሳትደብቂ ንገሪውና የሚስማማውን መደብ አብረሽው ምረጪ። መኪናውን ደብቆ «ምግብ ቤት ነው» ብሎ ማውጣት ለጊዜው መንገድ ያሳጥር ይሆናል፤ በመጀመሪያው ቁጥጥር ቀን ግን ጥያቄ ያስነሣል።

ከዚያ ጤና ጽሕፈት ቤት ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ሰው የሚጎዳውም ሰው የሚድነውም እዚህ ነውና። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብ አዘጋጅቶ የሚሸጥን ሁሉ የሚመለከት ነው። የአካባቢ ጤና ባለሙያው ቤቷንም መኪናውንም መጥቶ ያያል። ሳይመጣ በፊት አንቺ በእርሱ ዓይን እዪው። እጅ መታጠቢያው ከዕቃ ማጠቢያው የተለየ ነው? ሳሙና አለው? ውሃው ከቧንቧው ሲወርድ ወዴት ይሄዳል? መኪና ላይ ንጹሕ ውሃው በአንድ ታንከር፣ የተጠቀማችሁበት ቆሻሻ ውሃ በሌላ ዝግ ታንከር መሆን አለበት፤ ቆሻሻው ደግሞ ከንጹሑ እንዲበልጥ ይሠራ፣ ሞልቶ እንዳይፈስ። መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ዘይት ያለበት ውሃ ማፍሰስ የጎረቤት ሱቆችን ሁሉ በአንድ ሳምንት ጠላት ያደርግባችኋል። የሥራ ጠረጴዛው ከማይዝግ ብረት ይሁን፤ እንጨት ከሆነ ስንጥቁ ውስጥ የሚቀረውን ምንም ሳሙና አያወጣውም። የኔዋ ባለሙያ ከጠረጴዛው በታች ጣቷን አሳልፋ ጥፍሯን ትመለከት ነበር። ከላይ ሁሉም ሰው ይወለውላል፤ የጠረጴዛን ሆድ የሚያጸዳ ግን ጥቂት ነው።

ምግብ የሚነካ ሰው ሁሉ፣ አንቺም፣ ገንዘብ ተቀባዩም ሳይቀር ዕቃ ካነሣ፣ የጤና ምርመራ ያደርጋል፤ የሰገራ ምርመራው ዋናው ነው፤ የሚታይ ምልክት ሳይኖረው የአንጀት ተዋሲያን የሚሸከም ሰው ብዙ ነውና። ውጤቱን በፋይል ያዙ፤ ጊዜው ሲደርስም ሳትጠሩ አሳድሱ። ገንዘብ የሚቀበለው እጅና ምግብ የሚያነሣው እጅ አንድ እንዳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ሥርዓት አብጁ።

ጥሬ ሥጋ መኪናው ላይ አትቁረጡ። ከቄራ ማኅተም ያለውን ሥጋ ከባለፈቃድ ሥጋ ቤት ግዙ፣ ቤቷ ውስጥ አዘጋጁት፣ መኪናው ላይ የበሰለ ወይም ለመብሰል የተዘጋጀ ብቻ ይውጣ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስተምረው ቁጥር አለ፤ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መካከል ተዋሲያን በፍጥነት ይራባሉ። ትኩሱ ምግብ ከ60 በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 በታች ይቆይ፤ የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። «ማርቆስ ብርድ ነው፣ ምን ይሆናል?» እንዳትዪኝ። ደጁ ብርድ ቢሆንም፣ ምድጃ የሚነድበት የላሜራ ሣጥን ውስጥ በቀትር ምን ያህል እንደሚሞቅ ገብታችሁ ስትቆሙ ታዩታላችሁ። የሥጋ ቴርሞሜትር ግዢ፤ ትንሽ ዕቃ ናት፣ ክርክር ታስቀራለች።

የጾሙን ነገር ማንም ባለሙያ ላይጠይቅሽ ይችላል፤ ደንበኛሽ ግን ይጠይቅሻል። ረቡዕና ዓርብ ሁልጊዜ አለ፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት ሲጨመሩበት የገበያሽ ትልቁ ክፍል የጾም ምግብ ነው። ከመጀመሪያው ሁለት መጥበሻ፣ ሁለት የዘይት ዕቃ፣ ሁለት ማማሰያ ይኑርሽ፤ በቀለም ለዪያቸው። እንቁላል በተጠበሰበት ዘይት ድንች ጠብሶ ለጿሚ መሸጥ በፍርድ ቤት ባያስከስስም፣ አንድ እናት ካወቀች በቅዳሴ ማግስት ከተማው ሁሉ ይሰማዋል፤ እውነትም ስለሆነ ማስተባበያ የለሽም። መኪናው ጠባብ ነው፣ ሁለት ምድጃ ላይገባ ይችላል። እንዲያ ከሆነ በጾም ቀን መኪናው ላይ የጾም ምግብ ብቻ ይውጣ። ንጹሕ የጾም ምግብ የሚያቀርብ ሰው በማርቆስ ደንበኛ አይጎድልበትም።

ጋዝ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ይህንን እኔ እናት ሆኜ ነው የምነግርሽ። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስ ወደ ላይ አይወጣም፣ እንደ ውሃ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ብልጭታ እስኪያገኝ ይጠብቃል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ከሰው መቆሚያው ውጭ በተሠራ የብረት ሣጥን ውስጥ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በብረት ታስሮ ይሁን። የሣጥኑ ታች ቀዳዳ ይኑረው። የመኪናው ውስጥ ወለል አጠገብም የአየር መውጫ ይተው። ማስተላለፊያ ጎማው የጋዝ ጎማ ይሁን፤ የውሃ ጎማ አይሆንም። በየጠዋቱ ሥራ ሳትጀምሪ በኩባያ ውሃ የልብስ ሳሙና በጥብጠሽ አረፋ አድርጊ፤ ሲሊንደሩን ክፈቺ፣ ምድጃውን ግን አትለኩሺ፤ አረፋውን በስፖንጅ በየመጋጠሚያው ቀቢ። አረፋው ዝም ብሎ ከተቀመጠ ደኅና ነው። ትንንሽ ዓይን እያወጣ ካበጠ ያፈሳል፤ ዝጊና አሠሪ። በክብሪት የሚፈትኑ ሰዎች አይቻለሁ፤ እባክሽ ከእነርሱ እንዳትሆኚ። መኪናው ሲጓዝ ጋዙ ከሲሊንደሩ ራስ ይዘጋ። የእሳት ማጥፊያው በር አጠገብ ይሰቀል፤ ምድጃው ኋላ ከተሰቀለ እሳት ሲነሣ ልትደርሺበት አትችይም። የጋለ ዘይት ቢነድብሽ ውሃ አትድፊበት፤ ክዳን ድፊበትና ጋዙን ዝጊ። ጄኔሬተር ካላችሁም ጭሱ ሽታ አልባ መርዝ አለበት፤ ከመኪናው ርቆ፣ ከመስኮቱ በተቃራኒ ይቁም።

በግብር ላይ የምለው አጭር ነው። የግብር ደረጃሽ በዓመታዊ ሽያጭሽ መጠን ይወሰናል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የገባውንም የወጣውንም በደብተር ጻፊ፤ የዘይቱን፣ የጤፉን፣ የጋዙን ደረሰኝ ሰብስቢ። ደብተር የሌለው ነጋዴ ሽያጩ በግምት ይወሰድበታል፤ የሰው ሰልፍ ያየ ገማች ደግሞ ሰልፉን እንጂ የዘይቱን ዋጋ አያይም። ደረሰኝ የመቁረጥ ግዴታ ያለበት ደረጃ ላይ ከሆንሽ ለአንዲት ስኒ ሻይም ቁረጪ። ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ያለ ቅጣት የሚታደስበት ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ቢሮዎቹ በር ላይ ያለውን ሰልፍ ስለማውቅ፣ ግብርሽን ከፍለሽ በመስከረም ጨርሺው።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፣ ምናልባትም ለመጻፍ የከበደኝ። መኪናው የወንድምሽ ነው፤ ሙያው ያንቺ ነው። ፈቃዱ በማን ስም ሊወጣ ነው? ደብዳቤሽ ይህንን አይናገርም፤ አልተነጋገራችሁበትም ብዬ ጠርጥሬአለሁ። በአንቺ ስም ከሆነ፣ መኪናውን ለሥራው የሚያከራይበት ወይም የሚያዋጣበት ውል ይጻፍ፤ በእርሱ ስም ከሆነ ደግሞ ያንቺ ድርሻ ስንት እንደሆነ ይጻፍ። ጎማ ሲፈነዳ ከማን ኪስ እንደሚወጣ፣ አንዳችሁ ብታገቡ ወይም ሥራውን ብትተዉ ምን እንደሚሆን ይጻፍ። በእኛ ባህል ከወንድም ጋር ውል መጻፍ እንደ አለመተማመን ይቆጠራል። እኔ ግን በዚህ ዓምድ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ስንቶቹ ከአንድ እናት በተወለዱ ልጆች መካከል ያለ የንግድ ጸብ እንደሆኑ ስላየሁ፣ ስትዋደዱ ጻፉት እላለሁ። እናታችሁ በሕይወት ካሉ ፊታቸው ተፈራረሙ።

እንግዲህ ሰኞ ጠዋት ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሂዱ። ማመልከቻውን ጉዳይ አስፈጻሚ አይጻፍላችሁ፤ ራስሽ ጻፊው፣ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። «በደብረ ማርቆስ ከተማ፣ በዚህ ቀበሌ፣ በዚህ ቦታ፣ ይህን ያህል ሜትር ርዝመትና ይህን ያህል ሜትር ስፋት ባለው መኪና፣ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት የበሰለ ምግብ ለመሸጥ የቦታ ፈቃድ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ፤ ቆሻሻና ፍሳሽ ይዤ እመለሳለሁ፣ መኪናው ቦታው ላይ አያድርም» በዪ። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አትርሺ፤ ኃላፊዎች እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚፈሩት ጊዜያዊው ነገር ሥር ሰዶ ቋሚ ሱቅ እንዳይሆን ነው። የቦታውን ንድፍ በእጅሽም ቢሆን ሥለሽ አያይዢ፤ መንገዱ፣ ቦዩ፣ የመብራት ምሰሶው፣ እግረኛ የሚያልፍበት ስንት ሜትር እንደሚቀር ይታይበት። ሁለት ኮፒ አድርጊ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቢ፤ በሁለተኛው ላይ ደግሞ የገቢ ቁጥርና ቀን ሳታስጽፊ ከበሩ እንዳትወጪ።